ሬይል ባለው ፒክአፕ ላይ የፋይበር ካኖፒ ስንገጥም

ሥራዬ የሰርግ ድምፅ ማከራየት ነው፦ ሞንታርቦ፣ ሚክሰር፣ አምፕሊፋየር፣ ጄኔሬተር፣ ጆንያ ሙሉ ኬብል። ሰርጉ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ሲሆን ጣጣ የለውም። ጣጣው ደጋሹ ሐሙሲት ማዶ፣ መራዊ ገጠር ወይም ዘጌ ሲሆን ነው። ጥር ላይ አቧራ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከጣና በኩል ድንገት የሚመጣ ዝናብ። ለዓመታት ሸራ አልብሼ፣ በገመድ ጠፍሬ ነበር የምሄደው። ሸራ ከላይ የሚመጣውን ውኃ ይመልሳል፤ መኪናው ሲሮጥ ከኋላ ዞሮ የሚገባውን አቧራ ግን አይመልስም። አቧራው ሚክሰር ውስጥ ከገባ ደግሞ ፌደሩን፣ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ተንሸራታች፣ ገፋ ባደረጋችሁት ቁጥር ድምፅ ማጉያው ይንኮሻኮሻል፤ ያውም ሙሽሮቹ በሚገቡበት ሰዓት።

ስለዚህ ካኖፒ፣ ማለትም ካሶኒውን ከላይ የሚከድን፣ ከኋላው የሚከፈት መስታወት ያለው የፋይበር ሽፋን፣ ለመግጠም ቆረጥኩ። መኪናዬ ቪጎ የምንለው ሃይሉክስ ነው፣ ደብል ጋቢና። የቀድሞ ባለቤቱ በካሶኒው ግራና ቀኝ፣ ስፖንዳው (የካሶኒው ግድግዳ) አፍ ላይ፣ ከገበያ የገዛውን ኒኬል ሬይል አስገጥሞበታል፤ በየጎኑ ሦስት እግር ያለው ቱቦ፣ እያንዳንዱ እግር ላሜራውን በስቶ በብሎን የታሰረ። መልኩ ያምራል፣ ገመድ ለማሰርም አንደኛ ነው። ካኖፒ እንዴት እንደሚገጠም የሚነግራችሁ ሰው ሞልቷል። ሬይል ባለበት መኪና ላይ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ባለጋራዥ የየራሱን ይናገራል። እኔ የሰማሁትን፣ የመረጥኩትንና ለምን እንደመረጥኩት ልጻፍላችሁ።

አባይ ማዶ ያለ አንድ በያጅ «ቱቦው ላይ አንግል ብረት እንበይዳለን፣ ካኖፒው እሱ ላይ ይቀመጣል» አለኝ። ሌላው «ሬይሉን አጠር ባለ እግር እንቀይረው» አለ። ሦስተኛው ፋይበሩን እግሮቹ በሚመጡበት ቦታ ቆርጠን እናሾልከው ሲል ሂሳብ ሳልጠይቅ ተነሥቼ ወጣሁ። ሽምብጥ አካባቢ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ ብቻ ናቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጥያቄ የጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አሁን ካኖፒው በስንት ቦታ ሊቀመጥ ነው ያሰብከው?»

«እግሮቹ ላይ ነዋ። በየጎኑ ሦስት።»

«በስንትም አይደለም። ከዳር እስከ ዳር ነው የሚቀመጠው» አሉኝ፣ መዳፋቸውን ስፖንዳው ላይ ከፊት ወደ ኋላ እየሳቡ። እግሩ ጋ ሲደርሱ መዳፋቸው ተነሣ። «ይኸው፣ እጄ እንኳ አልተቀመጠም።»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። የፋይበር ካኖፒ በመስታወት ክር ምንጣፍና በፖሊስተር ሬዚን የተሠራ ቅርፊት ነው፤ ከላይ የሚያንጸባርቀው ሽፋን ጄልኮት ይባላል። ውፍረቱ በአብዛኛው ከጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፍም። ክብደቱ በታችኛው ከንፈሩ ርዝመት ሁሉ ተከፋፍሎ ላሜራ ላይ ሲያርፍ ለብዙ ዓመት ይኖራል። በነጥብ በነጥብ ሲያርፍ ግን በእግርና በእግር መካከል ያለው ክፍል በየጉድጓዱ ይረግባል፣ ይመለሳል፤ መጀመሪያ ጄልኮቱ ላይ ፀጉር የሚያካክል መስመር ይወጣል፣ ቀጥሎ ፋይበሩ ራሱ ይሰነጠቃል። እግሩን ማሳጠርም ይህን አይፈውስም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንዲሉ፣ እዚህ ደግሞ ችግሩ ጉልቻው ራሱ ነው።

አንግል ብረቱስ? ቀጥ ያለ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድና የማይረግብ ከሆነ የነጥቡን ችግር ያቀልላል። ነገር ግን ቁመት ያመጣል። ሬይል ከእግሩ ጋር ከስፖንዳው አፍ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። ካኖፒው ያን ያህል ከተነሣ የኋላ መስታወቱ የታችኛው ጠርዝ የኋላ ስፖንዳውን አይሸፍንም። ፋብሪካው ሲሠራው መስታወቱ ስፖንዳውን ትንሽ አልፎ ወርዶ የማሸጊያ ጎማው ላይ እንዲጫን አድርጎ ነው። ያ መደራረብ ከጠፋ ከካኖፒው የምትፈልጉት ነገር አብሮ ጠፋ። መኪና ሲሮጥ ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል፣ የተነሣውን አቧራ ወደ ራሱ ይስባል፣ ቀዳዳ ካገኘ ወደ ውስጥ ያስገባል። በዚያ ላይ በጎን በኩል የተከፈተውን ክፍተት በምን ልትዘጉት ነው? በጣውላ? በስፖንጅ? አይቻለሁ እንዲህ የተሠራ መኪና፤ ከሩቅ ሲታይ ባርኔጣው ጠብቦት ከራሱ ከፍ ብሎ የተቀመጠለት ሰው ይመስላል።

ሬይሉ እንዲወጣ ወሰንኩ። የእናንተ ቱቦ ሳይሆን የስፖንዳውን አፍ ከዳር እስከ ዳር የሚያለብስ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ወይም የአሉሚኒየም ሽፋን ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይለያል። አሉሚኒየሙ ጠንካራና ደልዳላ ከሆነ በላዩ ላይ የሚገጥሙ አሉ። ፕላስቲኩ ግን ካኖፒውን ከስፖንዳው ጋር የሚይዘው ማሰሪያ ሲጠብቅ ይጨመቃል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ከዚያ ማሰሪያው ይላላል። እሱንም ባታስቀሩት ይሻላል። ካሶኒው ውስጥ የሚነጠፈው ፕላስቲክ ከንፈሩ በስፖንዳው ላይ ታጥፎ የሚወጣ ዓይነት ከሆነም የታጠፈውን ብቻ በስለታም ቢላ ቆርጣችሁ ወለሉን መተው ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ግዢው። ካኖፒውን ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ ከአዲስ አበባ። ለቪጎ የተሠራ ካኖፒ እ.ኤ.አ. በ2015 ቪጎን ለተካው ሬቮ አይሆንም፤ የዲማክሱም ለሃይሉክስ አይሆንም። «ትንሽ ከተገፋ ይገባል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ይገፋው ይሆናል፣ የሚሰነጠቀው ግን የእናንተ ነው። ከመሄዴ በፊት የካሶኒውን ስፋት ፊት፣ መሐልና ኋላ ላይ ለካሁ፤ ርዝመቱን ከጋቢና በኩል ካለው ጠርዝ እስከ ኋላ ስፖንዳው ለካሁ፤ ቀጥሎ ከጥግ ወደ ጥግ በመስቀል ሁለቱንም። በመስቀል የተለኩት ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ካሶኒው ተጣሟል፣ ካኖፒውም ሁልጊዜ አንድ ጥጉ እንደተነሣ ይቀራል።

የእኔ በመስቀል እኩል ነበር፣ መሐሉ ግን ከጫፎቹ ጠበብ ብሎ ተገኘ። ሽማግሌው አይተው ወዲያው አወቁት። ለዓመታት ገመድ በሬይሉ ላይ ሲወጠር ስፖንዳዎቹን እርስ በርስ እየሳባቸው ኖሯል። በግራና ቀኝ ጣውላ ደግፈው፣ መሐሉን በትንሽ ክሪክ ቀስ እያሉ ወደ ውጭ ገፉት፤ ገፋ ያደርጋሉ፣ ይለቃሉ፣ ይለካሉ። ሬይል ያለው መኪና ያላችሁ ሰዎች ይህን መለካት አትዝለሉ፤ ሬይል ከሌለው መኪና ይልቅ እናንተ ጋ የመጣመም ዕድሉ ሰፊ ነው።

ያገለገለ ፋይበር ሲገዛ ቀለሙን አትዩ፣ ቀለም ይቀባል። ማሰሪያ ያረፈበትን ቦታና የመስታወቱን ማጠፊያ ዙሪያ እዩ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። የሸረሪት ድር የመሰለ መስመር ካለ በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት። ካልረገበ ጄልኮቱ ብቻ ነው፤ ከረገበ ስንጥቁ ወደ ውስጥ ገብቷል። በሳንቲም ጣሪያውንና ጎኑን እየነካካችሁ አዳምጡ። ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ጤነኛ ነው፤ ድምፁ ታፍኖ ሲወጣ ንብርብሮቹ ከውስጥ ተላቀዋል ማለት ነው። ጆሮዬ እንጀራዬ ስለሆነ ይሄኛው ለእኔ ቀልሎኛል፤ ሻጩ ግን በሳንቲም ጣሪያ የሚቀጠቅጥ ገዢ አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ሲስቅ ነበር። የኋላ መስታወቱን ከፍታችሁ ልቀቁት፤ ከወደቀ መስታወቱን ደግፎ የሚይዘው ሾክ ሞቷል፣ ዋጋው ላይ ይቀነስ።

ሬይሉን መፍታት ቀላል ይመስላል። የእኔ ብሎኖች ከላይ በ6 ቁጥር አለን ቁልፍ፣ ከሥር ዳዶው በ13 ቁልፍ የሚፈቱ ነበሩ። ከጋቢና በኩል ያሉት ዝገው አልላቀቅ አሉ። ዝገት የሚያላላ ዘይት ነፍተን አሳደርናቸው፤ አንዱ ጠዋት ተፈታ፣ ሌላው የአለን ጉድጓዱ ክብ ሆኖ ቁልፉ ይሽከረከርበት ጀመር። እዚህ ላይ ሰው ተናድዶ ግራይንደር ያነሣል። አንሡ፣ ግን ከሥር፣ ከዳዶው በኩል ቁረጡት፤ ከላይ ከቆረጣችሁ ስፖንዳውን አብራችሁ ትቀድዳላችሁ። ደግሞም የጋቢናውን የኋላ መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። የግራይንደር ብልጭታ የጋለ የብረት ፍንጣሪ ስለሆነ መስታወት ላይ ሲያርፍ ይነክሳል፣ ከዚያ በኋላ በምንም ሳሙና አይለቅም።

እግሮቹ ሲነሡ ከሥራቸው የነበረው ጎማ ተፈርፍሮ መጣ። ከጎማው ሥር ላሜራው በቡናማ ዝቃጭ ተሸፍኗል፤ በጥፍር ስትጭሩት በቅርፊት በቅርፊት ይነሣል፣ ከቅርፊቱ ሥር ደግሞ ሌላ ቅርፊት። ውኃ እግሩ ሥር ገብቶ መውጫ ሲያጣ የሚሠራው ሥራ ነው። ስፖንዳው ከውጭና ከውስጥ ላሜራ የተሠራ፣ መሐሉ ባዶ ነው፤ በብሎኑ ቀዳዳ የወረደው ውኃ ከታች ይተኛና ከውስጥ እየበላው ይመጣል። ከውጭ ቀለሙ አብጦ ስታዩት ውስጡ አልቋል። ካኖፒ መግጠም ባትፈልጉም እንኳ ሬይል ያለው ሰው የአንዱን እግር ብሎን ፈትቶ ሥሩን ቢያይ አይከፋም።

ዝገቱን ነጭ ብረት እስኪወጣ በሸካራ ወረቀት አጸዳን፣ አንቲረስት ቀባን፣ ከደረቀ በኋላ ቀለም። ቀዳዳዎቹን ምን እናድርጋቸው የሚለው ላይ ከሽማግሌው ጋር አልተስማማንም። እሳቸው ከላሜራ ክብ ቆርጠው መበየድ ፈለጉ። ሥራቸው ንጹሕ እንደሚሆን አልተጠራጠርኩም፣ ግን ብየዳ ባረፈበት ቦታ በውስጥ በኩል ያለው ቀለም ይቃጠላል፣ ያንን ደግሞ እጅ ገብቶ መቀባት አይችልም። እኔ መለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠውን፣ የመኪና ወለል ቀዳዳ የሚዘጋበትን የጎማ መድፈኛ በማሸጊያ ቀብቼ ከተትኩበት። አናቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ካኖፒው ሥር የሚነጠፈው ጎማ ይውጠዋል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ደግሞ «ቀዳዳው ካለ ካኖፒውን በዚያው በብሎን ለምን አትመታውም?» የሚል ነው። ቀዳዳው የተበሳው ለሬይሉ እግር እንጂ ለካኖፒው አይደለም፤ የካኖፒው ከንፈር በዚያ ቦታ ወፈር ተደርጎ የተሠራ ላይሆን ይችላል። ሌላው፣ ካሶኒ በመጥፎ መንገድ ላይ ይጠማዘዛል። የፎገራ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ታርሶ፣ በጋ ላይ እንደደረቀ ሲጠብቃችሁ አንዱ ጎማ ሰማይ፣ አንዱ ጎማ ምድር ነው። በብሎን ተበስቶ የተቸነከረ ፋይበር ያን መጠማዘዝ በብሎኑ ቀዳዳ ላይ ይቀበለዋል። በጎማ ላይ ተቀምጦ በማሰሪያ የተያዘ ግን ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ይመለሳል።

ከካኖፒው ሥር የሚነጠፈው ነገር ርካሽ ነው፣ ጥፋቱ ግን ውድ ነው። የጎማ ስፖንጅ ሁሉ አንድ አይደለም። ሱቅ ስትሄዱ ትንሽ ቁራጭ ጠይቁና ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ጭመቁት። ውኃ ከወጣው ውኃ ይጠጣል ማለት ነው፤ ክረምቱን በሙሉ እርጥብ ጨርቅ ስፖንዳው ላይ አንጥፋችሁ እንደመክረም ነው። ውኃ የማይጠጣውን፣ ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣውን ምረጡ። መጀመሪያ ስፖንዳውን በቤንዚን ነክሮ በጨመቁት ጨርቅ ጥረጉት፣ አለዚያ ማጣበቂያው አቧራ ላይ ይጣበቃል። ጥግ ላይ ጫፍና ጫፉን አታጋጥሙ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ትንሽ አሳልፋችሁ በሰያፍ ቁረጡት። ጋቢና በኩል ባለው ጠርዝ ላይ እኔ ድርብ አድርጌዋለሁ፤ በሩጫ ጊዜ ዝናብ የሚገፋው በዚያ በኩል ነው።

ሲሊኮን መጨመር የሚፈልግ ሰው ሲከፍተው ያሽትተው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው አሲድ ስላለው ባዶ ብረት ያዝጋል፣ ለመታጠቢያ ቤት መስታወት ነው የተሠራው። ያም ሆነ ይህ ካኖፒውን በማጣበቂያ መለጠፍ አልወድም፤ አንድ ቀን ማውረድ ይመጣል።

ማንሣቱን በጠዋት አድርጉት። ይህን የምለው ለባሕር ዳር ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣውን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ካኖፒ ክብደቱ አራት ሰው የሚችለው ነው፣ ስፋቱ ግን ነፋስ ሲያገኘው ተሸካሚውን ይዞ ይሄዳል። አራታችን በአራት ጥግ ሆነን፣ መስታወቱን ቆልፈን፣ ከኋላ በኩል ወደ ፊት አሳልፈን አስቀመጥነው። እየጎተታችሁ አታስተካክሉት፣ የለጠፋችሁት ጎማ ይጠቀለላል። ከፍ አድርጋችሁ መልሱት።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ከጋቢናው ጋር ያለውን ክፍተት ነው። እኔ ከኋላ ጀመርኩ። የኋላ ስፖንዳውን ዘጋሁ፣ መስታወቱን አወረድኩ፣ ቁልፉ ያለ ግፊት መዞሩን አየሁ። እሱ ከተስተካከለ በኋላ ነው ወደ ፊት የሄድኩት። ከጋቢናው ጋር እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ቢኖር አይክፋችሁ፤ ጨርሶ መነካካት ግን የለበትም። ጋቢናና ካሶኒ ሻንሲው ላይ ለየብቻ የታሰሩ ስለሆኑ መንገድ ላይ እኩል አይንቀሳቀሱም። የሚነካ ካኖፒ መጀመሪያ ቀለም ይልጣል፣ ቀጥሎ ራሱ ይሰበራል።

ማሰሪያዎቹ ከካኖፒው ጋር አልመጡም። ከ6 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ብረት በሞርሳ ታጥፈው፣ አንድ ጫፋቸው የስፖንዳውን የውስጥ ከንፈር ከሥር የሚይዝ፣ ሌላው የካኖፒውን ከንፈር ከላይ የሚጫን ሆነው ተሠሩ፤ መሐላቸው ላይ በ17 ቁልፍ የሚጠብቅ ብሎን። ስድስት አደረግናቸው፣ በየጎኑ ሦስት። ሽማግሌው ሲያዩት «ይኸው ሦስት አልከኝ፣ ሦስትህን አገኘህ» ብለው ሳቁብኝ። ልዩነቱ እነዚህ የሚይዙ እንጂ የሚሸከሙ አለመሆናቸው ነው። ፋይበሩን የሚነካው የማሰሪያ ፊት ሰፊ ይሁን፤ በመካከሉ ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ አስገቡ።

ማጥበቁ ላይ የወንድ ጉልበት አያስፈልግም። ሁሉንም በእጅ አስያዙ፣ ከዚያ የጎማ ብሎን እንደምታጠብቁት በመስቀል እየሄዱ፦ ግራ ፊት፣ ቀኝ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ኋላ፣ መሐሎቹ መጨረሻ። ካላማዳሪው ከጎን ትንሽ ወጣ ሲል አቁሙ። ከዚያ በላይ የጨመራችሁት ሁሉ ፋይበሩ ላይ ነው የሚያርፈው። ዳዶው ውስጡ ፕላስቲክ ያለው፣ በንዝረት የማይላላው ዓይነት ይሁን። የተነጠፈው ጎማ ከጥቂት ቀን መንዳት በኋላ ስለሚቀመጥ ማሰሪያዎቹ ላልተው ታገኟቸዋላችሁ፤ መልሳችሁ ያዝ አድርጓቸው። እኔ ወረታ ደርሼ እንደተመለስኩ ነው ያጠበቅኳቸው።

መብራቱ ትንሽ ነገር ሆኖ ኤሌክትሪሻኑን ግራ አጋባው። የካኖፒው የፍሬን መብራት አንድ ሽቦ ብቻ ከግራ የኋላ መብራት ጠልፎ አገናኘና አልበራ አለ። ላሜራ ቢሆን ኖሮ ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መስመር፣ ከአካሉ ያገኝ ነበር፤ ፋይበር ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ማሳው በራሱ ሽቦ ወርዶ ካሶኒው ብረት ላይ፣ ቀለሙ ተፍቆ መታሰር አለበት። ካኖፒው ሲወርድ ሽቦ እንዳትቆርጡ መሐሉ ላይ የሚነቀል ሶኬት አስገቡበት። የውስጥ መብራት ከፈለጋችሁ ከዚያው ሳይሆን በራሱ ፊውዝ አውጡት።

ቀዳዳ መብሳት የግድ ከሆነ፣ ለሽቦም ሆነ ለሌላ፣ ጄልኮቱ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ትራፓኖውን መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙራችሁ ሽፋኑን ፍቁ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የመስታወት ብናኝ ቆዳ ላይ ካረፈ ያሳክካል፤ በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቁት እንጂ አትሹት።

ፍተሻው ላቫጆ ላይ ነው። የአጎቴ ልጅ ባትሪ ይዞ ካሶኒው ውስጥ ተኛ፣ እኛ መስታወቱን ዘግተንበት ውኃውን ከፊት፣ ከጎን፣ መጨረሻ ላይ ከኋላ ለቀቅንበት። በየት በኩል እንደሚንጠባጠብ ከውስጥ እየደበደበ ይነግረናል። ላቫጆው ውስጥ ያሉት ልጆች ሰው ዘግተን የምናጥብ መስሏቸው ነበር። በካኖፒው በኩል አንድም ጠብታ አልገባም፤ የገባው በኋላ ስፖንዳውና በካሶኒው መካከል፣ በታች በኩል ነው። ይህን ሰው አያስተውልም። የፒክአፕ የኋላ ስፖንዳ ከፋብሪካ ሲወጣ ውኃ እንዲፈስበት ተብሎ ክፍት ነው የሚሠራው። ካኖፒ ስትገጥሙ ግን ያ ክፍተት በር ይሆናል። በጎኖቹና በሥሩ የመኪና በር ጎማ አስለጠፍኩበት። ወለሉ ላይ ያሉትን የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ግን አትድፈኑ።

አቧራው ላይ ደግሞ አንድ ነገር ረድቶኛል። የእኔ ካኖፒ ጣሪያው ላይ ወደ ፊት የሚከፈት ትንሽ አየር ማስገቢያ አለው። ከአስፋልት ስወርድ እከፍተዋለሁ። መኪናው ሲሮጥ ንጹሕ አየር ከላይ እየተገፋ ይገባና የውስጡ ግፊት ከፍ ይላል፤ አቧራው በየቀዳዳው ከመግባት ይልቅ አየሩ በዚያው ይወጣል። አፉ ላይ ቀጭን ስፖንጅ ከልየበታለሁ፣ እሱን አራግፎ መመለስ ነው። ይህ ማስገቢያ የሌለው ካኖፒና ያለው ካኖፒ ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆነ ሳትከራከሩ ያለውን ውሰዱ። ለሙቀትም ይጠቅማል፤ የባሕር ዳር ፀሐይ ላይ ተዘግቶ የቆመ ካኖፒ ውስጥ አምፕሊፋየር ማቆየት ጥሩ አይደለም።

የኋላ መስታወቱን ከፍቶ መንዳት ግን የለም። አቧራውን የሚስበው አየር የጭስ ማውጫውንም ጭስ ይስባል፤ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት። ሰው ጭናችሁበት ከሆነ ጨርሶ አይደረግም፤ ካኖፒ የዕቃ ቦታ ነው። ገጠር ሰርግ ላይ «እስከ መንገዱ ድረስ ብቻ» ብለው እናቶችን ሊጭኑባችሁ ይመጣሉ፤ እናቶቹን ጋቢና አስገቡ፣ እናንተ ቴክኒሻኖቹን በእግር ላኩ።

ከሬይሉ ጋር የሄደ አንድ ጥቅም አለ፣ እሱን መካድ አይቻልም፤ ገመድ ማሰሪያ የለም። ከባዱን ሞንታርቦ ከጋቢናው ጋር አስጠግቼ፣ ካሶኒው ወለል ላይ ካሉት ቀለበቶች በቀበቶ አስራለሁ። ካኖፒው ላይ ምንም ነገር አላስርም፣ ጣሪያውም ላይ ምንም አልጭንም። ፖርቶ መጋላ ልሠራልህ ያለኝ ሰው ነበር። ጣሪያው ከውስጥ ብረት ተደርጎለት ካልተሠራ በቀር ፖርቶ መጋላው እግሮች ላይ ይቆማል፣ እግሮቹም ፋይበሩ ላይ፤ ከሬይሉ ላይ አውርደን ወደ ጣሪያው ያንኑ ችግር ማውጣት ነው። መሰላልና ረጅም ብረት የሚጭን ሰው፣ ቆርቆሮ ነጋዴ፣ አናጺ ከሆናችሁ በእውነቱ ሬይላችሁን ይዛችሁ ካኖፒውን ተዉት። የእኔን ሬይል የገዛኝ ከመራዊ በቆሎ የሚያመጣ ሰው ነው፤ እሱ ከእኔ የበለጠ ይሠራበታል።

ለዓመታዊ ምርመራ ስትሄዱ ታርጋውም የኋላ መብራቶቹም በካኖፒው እንዳይከለሉ ቀድማችሁ እዩ፤ ከመግጠማችሁ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ብትጠይቁ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። ቀለሙን በጋ ላይ ሰም ቀቡት፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ፀሐይ ጄልኮትን ቶሎ ነጭ ዱቄት ያደርገዋል። የካኖፒውን ቁልፍ ከመኪናው ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት አድርጉት። በሸራ ጊዜ ኬላ ላይ ፈታሹ ራሱ ጫፉን ገልጦ አይቶ ያሳልፈኝ ነበር፤ አሁን ወርጄ መክፈት አለብኝ፣ ከኋላዬ የቆመው አይሱዙም ክላክሱን አይምርም።